ሰባተኛው ጉድጓድ ላይ ባንዲራው ሲነቀል

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ያየሁት ቀብር ነው።

መንግሥት ከተለወጠ ብዙም ሳይቆይ ከዜና ክፍል በሠራተኛ ቅነሳ ወጣሁ። ከዚያ በመካኒሳና በለቡ መካከል በነበረ አንድ የጎልፍ ክበብ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ሆኜ ተቀጠርኩ። ስለ ጎልፍ የማውቀው ነገር አልነበረም። እስከዚያ ድረስ ስለ እህል ገበያ፣ ስለ መንገድ ሥራና ስለ ፍርድ ቤት ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ደረጀ ዕድሜያቸውን በሆቴል ሥራ ያሳለፉ፣ በፀሐይም ከረባታቸውን የማያላሉ ሰው ነበሩ። ያን ጠዋት ሜዳውን በእግር አስጎበኙኝ። በሌላ አገር ኳሷ የምትገባበት ጉድጓድ ያለበት ቦታ አጭር፣ ለስላሳ ሣር ነው አሉኝ። የእኛ ግን ውኃ ስለሌለን በተቃጠለ የሞተር ዘይት የረጠበ አሸዋ ነበር። ጥቁር ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት ምጣድ ይመስላል። ኳሷ እንዳትነጥር አሸዋው ቀኑን ሙሉ በመጥረጊያ ይስተካከላል።

«ጽጌ፣ እውነቱን ልንገርሽ» አሉኝ አቶ ደረጀ። «የድሮ አባሎቻችን ግማሾቹ ሞተዋል፣ ግማሾቹ ከአገር ወጥተዋል። ከከተማው ማዶ ያለው ክበብ ሣር አለው፣ ምግብ ቤት አለው። እኛ ምን አለን? አንድ ነገር ፈልጊልኝ። ሌላው ዘንድ የሌለ አንድ ነገር። ካልሆነ ቦርዱ መሬቱን ይመልስና ሁላችንም ወደ ቤታችን።»

ሰባተኛው ጉድጓድ ጋ ስንደርስ ከላይ ከሰፈሩ ጡሩምባ ተሰማ። አንድ ሽማግሌ አሸዋውን የሚያስተካክሉበትን መጥረጊያ ቀስ አድርገው አስቀመጡ። የጉድጓዱን ባንዲራ ከነእንጨቱ ነቀሉና አሸዋው ላይ አጋደሙት። ከሩቅ የሚመታ ተጫዋች ወዴት እንደሚመታ የሚያውቀው በባንዲራው ነው። ባንዲራ ከሌለ ጨዋታ የለም።

ካዲዎቹ፣ ማለትም የተጫዋቾቹን ዱላ የሚሸከሙት ሠራተኞች፣ ቦርሳቸውን መሬት አኖሩ። ተጫዋቾቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዳገቱ በኩል ለቀስተኛ መጣ፤ ሳጥኑን የተሸከሙት ከፊት፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁት ሴቶች ከኋላ። ሜዳውን አቋርጠው፣ ወንዙን ተሻግረው፣ ታች ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። የመጨረሻው ሰውዬ ሲያልፍ ዞር ብሎ እጁን ወደ ደረቱ ከፍ አደረገ። ምስጋና ነው። ሽማግሌው ባንዲራውን መልሰው ተከሉ። አንድም ሰው አልተናገረም።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩ።

«ምኑ?» አሉ አቶ ደረጀ። ለእሳቸው ነገሩ እንደ ዝናብ ነበር፤ ሲመጣ ይጠበቃል፣ ሲያበቃ ይቀጠላል።

እንደ ልማዴ መጠየቅ ጀመርኩ። ሽማግሌው ጋሽ ወልዴ ይባላሉ፤ የአሸዋው ኃላፊ ናቸው። ሜዳው ከመሠራቱ በፊት የሰፈሩ ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወርደው በዚያ መንገድ ነበር። ሜዳው ሲከለል መንገዱ እንዳይዘጋ የሰፈር ሽማግሎች ተነጋገሩ፤ አልተዘጋም። ባንዲራ መንቀሉን ግን ማንም አላዘዘም። ካዲዎቹ የዚያው ሰፈር ዕድርተኞች ናቸው። የሚያውቁት ሰው አስከሬን ሲያልፍ የሌላ ሰው ቦርሳ ተሸክሞ መቆም አሳፈራቸውና አስቀመጡ። ቦርሳ ከሌለ ዱላ የለም፤ ተጫዋቾቹም ቆሙ። ሲቆሙ ባርኔጣ ማውለቅ መጣ። ባንዲራው ከዚያ በኋላ የመጣ የጋሽ ወልዴ ሥራ ነው።

«ለምን ነቀሉት?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ሲውለበለብ ደስ አይልማ፤ ለሰው እየተለቀሰ» አሉኝ።

የጋሽ ወልዴ ባለቤት እትዬ አስካለ ምሳ ይዘው በዚያው መንገድ በየቀኑ ይመጡ ነበር። ወፍራም፣ ቀልደኛ ሴት ናቸው። ተጫዋቾቹን አይፈሯቸውም።

«እኔ የምለው» ይላሉ እትዬ አስካለ፣ አንድ ጡረታ የወጡ ጄኔራል ኳስ ሲመቱ ቆመው እያዩ፣ «ይህችን ኳስ ስንት ዘመን ነው የሚያባርሯት? አንዴ ያዟትና ይገላገሉ!»

«አስካለ፣ አንቺ ዱላ ብትይዢ ከእኔ ትበልጫለሽ» ይሏቸዋል ጄኔራሉ።

«እኔ ዱላ የምይዘው ወልዴ ሲያመሽ ነው።»

አንድ ቀን ምሳውን ካቀረቡ በኋላ አጠገቤ ሲቀመጡ ስለ መንገዱ ጠየቅኳቸው። ልባቸው ደከም ማለት ጀምሮ ነበር፤ ዳገቱን ሲወጡ ሦስት አራት ጊዜ ያርፋሉ።

«እኔ በዚህ ነው የምሄደው» አሉኝ። «ለወልዴም ነግሬዋለሁ። ምኑ ደስ እንደሚለኝ ታውቂያለሽ? መቆማቸው አይደለም። ማንም ቁሙ ሳይላቸው መቆማቸው ነው። ደግሞ ዝም ማለታቸው። በሕይወቴ ሙሉ እኔ ሳወራ ዝም ያለ ሰው አላየሁም፤ ያን ቀን እንኳ ጸጥ ይበሉልኝ።»

የካዲዎቹ አለቃ ታደሰ ከወላይታ የመጣ፣ ጴንጤ ነው። ሳቀባቸው። «እትዬ አስካለ፣ እኔማ የእኛ መቃብር በወዲያ በኩል ስለሆነ ጨዋታ አላስቆምም።»

«አንተማ ስትሞትም ቦርሳ ተሸክመህ ነው።»

ብሮሹሩን የጻፍኩት ከዚህ በኋላ ነው። ከመጻፌ በፊት ግን የዕድሩን ሰብሳቢ አቶ ገብሬን አስፈቀድኩ። አቶ ገብሬ ከዕድሩ ዳኞች ጋር ተነጋገሩና ሁለት ነገር አሉኝ። አንደኛ፣ ለቀስተኛ ፎቶ አይነሳም። ሁለተኛ፣ የሟች ስም አይጠቀስም። ሁለቱንም ጠበቅኩ። ሽፋኑ ላይ የወጣው ፎቶ አሸዋው ላይ የተጋደመው ባንዲራ ብቻ ነው። ከሥሩ «ጨዋታው የሚቆምበት ሜዳ» የሚል ርዕስ አለ። ውስጡ መንገዱ እንዴት እንዳልተዘጋና ካዲዎቹ እንዴት እንደጀመሩት ይናገራል። ውሸት የለበትም፤ ማጋነንም የለበትም። ዛሬም አውጥቼ ሳነበው የማርመው ዐረፍተ ነገር የለኝም።

አቶ ደረጀ ቆመው አነበቡት። ከዚያ ተቀምጠው እንደገና አነበቡት።

«ስንት ዓመት አጠገቡ ስኖር!» አሉ። «አንቺ በመጣሽ ቀን አየሽው።»

ብሮሹሩ ወደ ኤምባሲዎች፣ ወደ ዕርዳታ ድርጅቶችና ወደ ትልልቅ ሆቴሎች ተላከ። ሰዎች መምጣት ጀመሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ የመኪና ማቆሚያው ይሞላ ነበር። ሥራ ያጡ ካዲዎች ተመለሱ፤ ታደሰም ለልጆቹ ደብተር በጊዜ ገዛሁ ብሎ አመሰገነኝ። ቦርዱ ስለ መሬቱ መነጋገሩን ተወ። በሥራዬ ደስ ያለኝ ዘመን ነበር፤ ይህንንም አልክድም።

ጥያቄው የጀመረው ያኔ ነው። አንድ የዕርዳታ ድርጅት ኃላፊ እንግዶች ይዞ መጣና እንግዳ መቀበያው ላይ በትህትና፣ «የሚቀጥለው መቼ ነው?» አለ። ጸሐፊዋ ውድድሩን የጠየቀ መስሏት የወሩን ፕሮግራም ሰጠችው። ሰውዬው የጠየቀው ቀብሩን ነው።

አቶ ደረጀ አልሳቁም። ሰባተኛው ጉድጓድ አጠገብ አግዳሚ ወንበሮች አስተከሉ። መንገዱን በሁለቱም ጎን በድንጋይ አስደርድረው በኖራ አስቀቡት። ቀለም የቀቡት ጋሽ ወልዴ ናቸው።

«መንገዱ አማረ አይደል?» አልኳቸው።

«አማረ» አሉ ብሩሹን እያጠቡ። «እንዲህ ሲያምር ግን የሚያልፍበት ሰው ልብስ መቀየር ያለበት ይመስለዋል።»

አቶ ደረጀ ዘንድ ገብቼ ወንበሩ ይነሳ አልኩ። የለቀስተኛ መንገድ ዳር ተመልካች መቀመጥ የለበትም ብዬ ነገርኳቸው።

«ተመልካች?» አሉ። «ሰዎቹ አስከሬን ሲያልፍ ተነስተው ነው የሚቆሙት። ከእኛ ሰው ይልቅ እነሱ ናቸው የሚያከብሩት። ባለፈው አንዷ አላለቀሰችም? በዓይንሽ አይተሻል።»

አይቻለሁ። አልቅሳለች። ወንበሮቹ እዚያው ቀሩ።

በዚያ ዓመት ክረምቱ እንደወጣ ክበቡ ትልቅ የወዳጅነት ውድድር አዘጋጀ። ቀኑ ቅዳሜ ነበር። እትዬ አስካለ ዓርብ ወደ ማታ አረፉ። ቅዳሜ ጠዋት ከመካኒሳ ታክሲ ወርጄ ሽቅብ ስሄድ የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ ስማቸውን ሲጠራ ሰማሁ። መጀመሪያ ሥራ ገባሁ፤ ለቅሶ ቤት ከመሄዴ በፊት አቶ ደረጀን ማግኘት ነበረብኝ።

«ሰምቻለሁ» አሉ። ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። እትዬ አስካለን ይወዷቸው ነበር፤ ምሳቸውን ብዙ ጊዜ ቀምሰውላቸዋል። «ውድድሩን ልሰርዘው አልችልም። እንግዶቹ መንገድ ላይ ናቸው።»

«ሰባተኛውን ብቻ ይዝጉት። እንግዳ እዚያ አይድረስ።»

«ጽጌ፣ አስካለ እኮ ነች! ሌላው ሰው ሲያልፍ ቆመን እሷ ስታልፍ ማንም አይኑር? እሷ የፈለገችው ይሄንን አይደል?»

ይህም እውነት ነበር። እንግዶቹ ፎቶ እንዳያነሱ፣ እንዳያወሩ፣ እንዳይቀመጡ ይነገራቸው አልኩ። ተስማሙ። በምሳ ሰዓት ራሳቸው በእንግሊዝኛ ተናገሩ። የምታልፈው ሴት የአሸዋው ኃላፊ ባለቤት መሆኗን፣ ለብዙ ዓመት በዚህ መንገድ ምሳ ማመላለሷን፣ ዛሬ ለመጨረሻ ጊዜ እንደምታልፍ ነገሯቸው። ጥሩ ተናገሩ። ብዙዎቹ አንገታቸውን ደፉ።

ባንዲራውን የነቀለው ታደሰ ነው። ሳጥኑን ካዲዎቹ እየተቀባበሉ ተሸከሙ። ጋሽ ወልዴ ከሳጥኑ ኋላ፣ አቶ ገብሬ ክንዳቸውን ይዘዋቸው ይራመዱ ነበር። እኔ ከሴቶቹ ጋር ነበርኩ። እንግዶቹ በነጩ ድንጋይ ዳር በሁለት ረድፍ ቆመዋል። ባርኔጣቸው እጃቸው ላይ ነው። ፎቶ ያነሳ የለም። የተናገረም የለም። ጄኔራሉ እንደ ወታደር ቀጥ ብለው ቆመው እንባቸው ይወርዳል። እስከዚያ ድረስ ሁሉም እትዬ አስካለ እንዳሉት ሆነ።

ሳጥኑ ከረድፉ መጨረሻ ሊወጣ ሲል አንዲት ዕድሜዋ የገፋ የውጭ አገር ሴት በቀስታ አጨበጨበች።

ጎልፍ ተጫዋቾች አንድ ሰው አንድን ጉድጓድ በደንብ ሲጨርስ እንዲህ ያጨበጭባሉ፤ በጣት ጫፍ፣ ለስለስ አድርገው። የሴትዮዋ ፊት በእንባ ርሶ ነበር። አጠገቧ ያለው ተከተላት። ከዚያ ሁለቱም ረድፍ አጨበጨበ።

ሴቶቹ ለቅሷቸውን አቋረጡ። ያን ያህል ለቀስተኛ በአንዴ ዝም ሲል ሰምቼ አላውቅም። ተሸካሚዎቹ ቆሙ፤ ሳጥኑ ትንሽ ዘነበለና ተስተካከለ። ጋሽ ወልዴ ወደ ኋላ ዞሩ። የሚያጨበጭቡትን ሰዎች አንድ በአንድ አዩ፤ አንድ ነገር የጠየቋቸውና መልሱን የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር። ከዚያ፣ ወጉ ነውና፣ እጃቸውን ወደ ደረታቸው ከፍ አድርገው አመሰገኑ።

ጭብጨባው ጨመረ።

አቶ ደረጀ ከወንበሮቹ አጠገብ እጃቸውን ዘርግተው «በቃ፣ በቃ» ይሉ ነበር፤ በአማርኛ። ማንም አልሰማቸውም። ለእንግዶቹ ፎቶ አታንሱ፣ አታውሩ፣ አትቀመጡ ብለናል። አታጨብጭቡ ማለት ለእኔም ለእሳቸውም አልታየንም።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ይህን ነገር ማንም አላነሳም። ንፍሮ ተሰጠ፤ ሰው ተቀመጠ፣ ተነሳ። አቶ ደረጀ መጥተው ጥግ ላይ ቁጭ አሉና አንዴም ቀና ሳይሉ መሸ።

ጋሽ ወልዴ ወደ ሥራ ሲመለሱ አሸዋው ላይ አገኘኋቸው። መጥረጊያቸውን ይዘው እየዞሩ ነበር።

«ለምንድን ነው ያጨበጨቡት?» አሉኝ ሳያዩኝ።

«በእነሱ ዘንድ አንድን ሰው አከበርንህ ሲሉም ያጨበጭባሉ፣ ጋሽ ወልዴ። ክፋት የለበትም።»

«ገብቶኛል። ደግ ሰዎች ናቸው። አንዷማ በኋላ መጥታ እጄን ጨብጣኛለች።» ትንሽ ጠረጉ። «አስካለ ግን ምን መሰላት?»

መጥረጊያውን እየጎተቱ ወደ ሌላው የአሸዋው ጠርዝ ሄዱ።

ዕድሩ በወሩ ስብሰባው ላይ ከዚያ ወዲያ አስከሬን በአስፋልቱ እንዲሄድ ወሰነ። በአስፋልቱ ሲሄዱ መንገዱ በእጥፍ ይረዝማል፤ ዳገትም አለው። አቶ ደረጀ እኔን ይዘው አቶ ገብሬ ቤት ሄዱ።

«ወንበሩን አንስቻለሁ» አሉ። «ድንጋዩንም አስለቅሜያለሁ። እንግዳ አይደርስም። መንገዱ ክፍት ነው፣ አቶ ገብሬ።»

«ክፍት መሆኑን እናውቃለን።»

«ታዲያ ምን አጠፋን? ንገሩንና እንካስ።»

«ምንም አላጠፋችሁም። ቅሬታ የለንም፤ ልጆቻችንም እናንተ ዘንድ ይሠራሉ» አሉ አቶ ገብሬ። «ነገር ግን ሴቶቹ እምቢ አሉ። እዚያ ጋ ስንደርስ ማልቀስ አንችልም አሉ። ሰው ያየናል ብለው አይደለም። ደህና አለቀስን ወይ ብለን ማሰብ እንጀምራለን አሉ። እኔ ይህን ምን ብዬ ልመልስ?»

ሻይ ቀርቦልን ሳንጠጣው ወጣን።

ብሮሹሩ እንደገና ሊታተም ሲል «ይቆማል» የሚለውን «ይቆም ነበር» ብዬ ቀየርኩት። አቶ ደረጀ ረቂቁን መለሱልኝ።

«ያለፈ ነገር አይቶ ማን ይመጣል?»

«በዚያ መንገድ ሰው አያልፍም።»

«ነገ ያልፍ ይሆናል።»

«ሲያልፍ እጽፈዋለሁ።»

አልተቆጡም። ሳይታተም ቀረ። እንግዶቹ ለጥቂት ጊዜ እየመጡ ጠየቁ፤ ከዚያ ሣር ወዳለበት ክበብ ሄዱ። ካዲዎቹ አንድ በአንድ ሌላ ሥራ ፈለጉ። ታደሰ የሚኒባስ ረዳት ሆነ። እኔ ወደ ጋዜጣ ሥራ ከመመለሴ በፊት ባሉት ወራት ከቢሮዬ መስኮት ሰባተኛውን ጉድጓድ አይ ነበር፤ መንገዱን ሣር እየዋጠው ነበር።

በዚያ መስኮት ሌላም ነገር አይቻለሁ። ከሰፈሩ ጡሩምባ ሲሰማ ጋሽ ወልዴ ሜዳውን ግራ ቀኝ ያያሉ። ተጫዋች ካለ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ማንም ከሌለ መጥረጊያውን ያስቀምጣሉ፣ ባንዲራውን ነቅለው አሸዋው ላይ ያጋድማሉ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ይቆማሉ። ለቀስተኛው ያን ጊዜ ከላይ በአስፋልቱ እየሄደ ነው፤ ከሜዳው አይታይም። የሚያልፍበትን ያህል ጊዜ ጠብቀው ባንዲራውን ይመልሱታል። ለአቶ ደረጀ አልነገርኩም። ቢሰሙ ብሮሹር ይሆን ነበር።

ክበቡ ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ። መሬቱ ላይ ዛሬ ቤት ነው። ጋሽ ወልዴ ያረፉት ከዚያ በኋላ ነው፤ ቀብራቸው ላይ ነበርኩ። በአስፋልቱ ሄድን። ታደሰ ሳጥኑን ከፊት በቀኝ በኩል ይዞ ነበር። አንድ ሚኒባስ ክላክሱን እየነፋ አለፈን፤ ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ይላል። ታደሰ ቀና ብሎ አየውና ሳጥኑን ወደ ሌላው ትከሻው አዛወረ።

ዛሬ ይህን የምጽፈው ሜዳውም፣ መንገዱም፣ የሚመጣ እንግዳም ስለሌለ ነው። በጋዜጣ ሥራ የተማርኩት አንድ ነገር እውነት መሆኑን ማጣራት ነው፤ ያንን እስከ ዛሬ አልተውኩም። ከጎልፍ ሜዳው በኋላ አንድ ጥያቄ ጨመርኩበት፦ ይህ ነገር የሚደረገው ለማን ነው? መልሱ ለተመልካች ሳይሆን ለሚያልፈው ሰው ከሆነ፣ አጣርቼ ሳልጽፈው እተወዋለሁ።